ለፊት ወንበር ብቻ የምትቀዘቅዝ መኪና

አይናዲስ ስትቆጣ አትጮህም። ድምፅዋ እየቀነሰ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚያናግራት ሰው ለመስማት አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ ያን ጊዜ ነው መፍራት። ደብረ ማርቆስ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ባሏ አወቀ ብቻ ነው ስንት ዓመት አብሯት ኖሮ ያልተማረው።

አወቀ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነው። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰባት ሰው የምትይዝ ያገለገለች መኪና ገዛ። አይናዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ከእሱ ቀድማ ቢሆንም፣ መሪውን የሚለቅላት ለገበያ ብቻ ነበር። ሩቅ መንገድ ሲሆን እሱ ይነዳል፤ ከጎኑ አንድ የሥራ ወዳጁ ይቀመጣል። እሷ፣ ልጆቹና እናቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከኋላ ናቸው።

ማርቆስ ላይ የመኪና ማቀዝቀዣ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ደጀን ታልፎ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀመር ነው ነገሩ የሚለየው። እማሆይ ልባቸውን ስለሚያማቸው አዲስ አበባ ሐኪም ይከታተላቸዋል፤ ስለዚህ ያን ቁልቁለት ደጋግመው ይወርዱታል። ከፊት ያሉት ኮታቸውን ሳያወልቁ ይሻገራሉ። ከኋላ ያሉት በላብ ይጠመቃሉ።

"አወቀ፣ እኛ ጋ የሚመጣው ወላፈን ነው እኮ!"

"ጋዝ አንሶት ነው፤ አስሞላዋለሁ። መስኮቱን ግን ዝጉት፣ ቅዝቃዜው እየወጣ ነው።"

አስሞላሁ ይላል። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ነው።

በዐቢይ ጾም እንደዚሁ ሲወርዱ፣ የዓባይ ድልድይ ጋ ሳይደርሱ እማሆይ ቆባቸውን ከግንባራቸው ከፍ አደረጉና "ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ" ብለው አይናዲስ ትከሻ ላይ ወደቁ። መኪናው ቆመ። በር ተከፈተ፤ ፊታቸው ላይ ውሃ ተረጨ። ትንሽ ቆይተው ነቁ።

"ጾም ነው፤ ባዶ ሆዳቸውን ስለወጡ ነው" አለ አወቀ።

አይናዲስ እጇን ወደ ኋላው የአየር መውጫ ዘረጋች፤ ያው ወላፈን ነው።

ማርቆስ በተመለሱ ማግስት ቁልፉን አንስታ ብቻዋን ወደ መካኒኩ ገዳሙ ሄደች። ጋራዡ ወደ አማኑኤል መውጫ ላይ ነው። ገዳሙ ሞተሩን አስነስቶ እጁን መጀመሪያ ፊት ላይ፣ ቀጥሎ ኋላ ላይ ደገነ።

"ከኋላ ነፋስ አለ። ስለዚህ ማራገቢያውም ፊውዙም ደህና ናቸው" አላት። "ከፊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጋዝ አለ። እንግዲህ ጋዙ ወደ ኋላ አይደርስም ማለት ነው።"

ከመኪናው ሥር ገብቶ ጠራት። ቀሚሷን ሰብስባ አጎነበሰች። ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ተቆርጠው፣ ጫፋቸው ተጨፍልቆ ተበይዷል።

"ይኼ ብልሽት አይደለም እህቴ። ሰው ነው የዘጋው።"

ቤት ስትገባ አወቀ ምሳ እየበላ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመች።

"የኋላውን ማን አስዘጋው?" አለችው፣ በዚያ እየቀነሰ በሚሄደው ድምፅዋ።

እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። "ወደ የጁቤ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ላይ ቱቦውን ድንጋይ መታው። ጋዙ ሁሉ ፈሰሰ። የኋላው ካልተዘጋ የፊቱም አይሠራም አሉኝ።"

"መቼ?"

"በገዛናት ክረምት።"

"ጋዝ አንሶት ነው ስትለኝ የከረምከው…"

"ምን ልበልሽ? አልፎ አልፎ ለምንወርደው በረሃ ያን ሁሉ ማስፈታት…"

"መስኮት እንኳ አስዘጋኸን። ለአንተ ቅዝቃዜ እንዳይወጣብህ እኛን ቀቀልከን። እናቴ ትከሻዬ ላይ ሲወድቁ ጾም ነው አልክ። በጾም አሳበብክ።"



ገዳሙ ቱቦውን ከአዲስ አበባ አዘዘ፤ ከቱቦው በፊት ግን የእማሆይ ቀጠሮ ደረሰ። ጠዋት አይናዲስ ልጆቹን ቤት ትታ መሪውን ያዘች፤ እናቷን ከጎኗ አስቀመጠች።

"አንተ ከኋላ" አለችው ባሏን።

"ሰው ምን ይላል?"

"በረሃው ላይ ማን ያይሃል?"

ቁልቁለቱ ተጀመረ። አወቀ መጀመሪያ ኮቱን፣ ከዚያ ሹራቡን አወለቀ። መስኮቱን ሊከፍት ሲል አይናዲስ በሾፌሩ በር ላይ ያለውን የመስኮቶች መቆለፊያ ተጫነች። የመስኮቱን ቁልፍ ደጋግሞ ሲነካካ ይሰማል። በመስታወቱ አየችው፤ አንገቱ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። አላዘነችለትም።

"አይናዲስ፣ ክፈቺለት" አሉ እማሆይ።

"ገና ነው እማሆይ።"

"ክፈቺ አልኩሽ! በእኔ ስም ሰው አታሰቃዪ!"

እናቷ እንዲህ ጮኸውባት አያውቁም። ከፈተች። በረሃው ውስጥ ያለችው ኩራር መንደር ላይም አቆመች። አወቀ ወርዶ በራሱ ላይ ውሃ አፈሰሰና ወደ እማሆይ መስኮት መጣ።

"እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። በድዬዎታለሁ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ" አሉት ወዲያው፤ እጁንም ያዙት።

ይቅርታው እንዲህ በቀላሉ መሰጠቱ አይናዲስን ይበልጥ አበገናት። ሞተሩን አስነስታ "ግባ" አለችው።

ቱቦው ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ተገጠመ። አሁን ልጆቹ ዓባይ በረሃ ላይ ከኋላ ተኝተው ይሻገራሉ። መሪውን ግን አይናዲስ አልመለሰችም። አንድ ጊዜ ደጀን ላይ ቁልቁለቱን ሊጀምሩ ሲሉ፣ አወቀ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ "አሁንም ቂም ይዘሻል?" አላት።

"አዎ" አለችውና ማርሽ ቀንሳ መውረድ ጀመረች።