ድብቁ ፎልደር

«ኮምፒውተሩን አጽጂው» የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጽዳት ጠልቼ አይደለም። ያኔ ሰበታ አካባቢ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ በገዛ እጄ ያጸዳሁት ነገር ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ከሱቃችን ፊት ለፊት የመሬት ጉዳይ የሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። ዘመኑ የማስተር ፕላኑ ዘመን ነው። አዲስ አበባ ልትጠቀልለን ነው እየተባለ በየቤቱ ይወራል፣ ወጣቱ መንገድ ይዘጋል፣ ከዓለም ገና የሚመጡት ሚኒባሶች አንድ ቀን ሠርተው አንድ ቀን ይቆማሉ። ገበሬው ግን በጠዋት ተነስቶ እኛ ሱቅ ይመጣል። አቤቱታ ያጽፋል፣ ወረቀቱን ኮፒ ያስደርጋል፣ ተሻግሮ ያስገባል። ከሳምንት በኋላ «ፋይልህ ጠፍቷል» ይሉታል፣ ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። ኮፒ አላስቀረህም ወይ ስለው ይገርመዋል። «አንቺ ጋ አለ አይደል?» ይለኛል። እውነቱን ነበር። የአካባቢው መዝገብ ቤት እኔ ነበርኩ፤ እነሱ ማኅተም እንጂ ወረቀት አልነበራቸውም። ለዚህ ነው ማንም ሳያዘኝ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በስሙ ፎልደር እከፍት የነበረው።

የማወራላችሁ ሽማግሌ ከከተማው ጫፍ ጤፍና ጓያ የሚያርሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው መሐል ኦሮምኛ ይገባበታል፤ እኔን «ኢንተለ ኮ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድ ሰኞ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ዋናውንና ሁለት ኮፒ አምጡ ተብለዋል። የዚያን ቀን ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል፣ መብራቱም መጣሁ ሄድኩ ይላል። ቸኩዬ ደብተሩን ስካን አደረግኩና በስማቸው ሳላስቀምጥ በቀጥታ አተምኩት። አንዴ ብቻ ነው የሰነፍኩት። እሳቸው ተሻግረው ሦስቱንም አስረከቡ። «ለማጣራት ነው» ተብሎ ዋናው ደብተር እዚያው ቀረ፤ የተቀበሉበትን ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልሰጧቸውም።

በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። የሱቁ ባለቤት፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅ የሚለው ሰውዬ፣ ደስታውን አልቻለውም። ኢንተርኔት ከሌለ ሰው ፊልም የሚያስጭነው እኛ ጋ ነዋ። የአካባቢው ፋብሪካ ሠራተኞች ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ይዘው ይሰለፉ ጀመር። እሱም አንድ ሃርድ ዲስክ ሙሉ ፊልም ይዞ መጥቶ ሊገለብጥ ሲል ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም አለው። ፎልደሮቼን ሊያጠፋ እጁን ሲሰነዝር ጮህኩበት። የሰው ጉዳይ ነው፣ አትነካውም አልኩት። ሳቀብኝ፤ እንግዲያው ከየትም ብለሽ ቦታ ፍጠሪ፣ አጽጂው፣ ብሎኝ ሄደ።

ከየት እንደሚገኝ አውቅ ነበር። ጥገና የሚሠራ ጎረቤታችን አሳይቶኛል። ኮምፒውተር የሠራውን ሁሉ አይጥልም። ፕሮግራም በተከፈተ፣ ወረቀት በታተመ፣ ስካነር በሠራ ቁጥር ትርፍራፊ ያስቀራል፤ ያንንም በማይታይ ፎልደር ውስጥ ይደብቀዋል። የተደበቀውን አሳይ ብላችሁ ስታዙት ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። ከፈትኳቸው። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ፋይሎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ምንም አልነበሩም። አንደኛው ፎልደር ግን የስካነሩ ነበር። ውስጡ ትንንሽ ምስሎች አየሁ፤ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት አንድ ገጽ። ዋናዎቹ በየስማቸው ተቀምጠዋል፣ ይሄ ትርፍ ነው አልኩ። ሁሉንም መረጥኩ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ እንኳ እንዳይገቡ አድርጌ ጨርሼ አጠፋኋቸው። ቀይ የነበረው የዲስኩ ምልክት ወደ ሰማያዊ ሲመለስ፣ ልናገረው እንጂ፣ ኮራሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያ መሥሪያ ቤት ተቃጠለ። ማን አቃጠለው ለሚለው ሁሉም የራሱ ወሬ አለው፤ እኔ የማውቀው ጭሱ ሱቃችን ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያስለን መዋሉን ነው። ቃጠሎው ሲበርድ አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይዞታ አለኝ የሚል ማስረጃውን ይዞ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ፣ ያልቀረበ መሬት እንደሌለው ይቆጠራል ይላል። የሰውን ደብተር ከእጁ ወስደው፣ እሳት አስበልተው፣ አሁን ደግሞ ማስረጃህን አምጣ። ዓይን አውጣዎች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሽማግሌው በማግስቱ መጡ። ምንም አልተጨነቁም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «ያችን አውጪልኝ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። በስማቸው ፈለግኩ፣ የለም። ያን ሰኞ ሳላስቀምጥ ማተሜ፣ ያ ድብቅ ፎልደርም ትዝ አለኝ። ከፈትኩት። ከጽዳቱ በኋላ የተሠሩት ብቻ ነበሩ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ነበረኝና እሱንም ሞከርኩ፤ ደብተሩ የነበረበት ቦታ ላይ ፊልም ተገልብጦበታል።

መዋሸት እችል ነበር። መብራት አበላሸው፣ ቫይረስ በላው ብል ያምኑኝ ነበር። ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ያን ሁሉ ጊዜ ስረግም ከርሜ፣ እኔም እንደነሱ ፋይሉ ጠፍቷል ልበል? አፌ እምቢ አለኝ።

«አባባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ፊልም የሚገባበት ቦታ ስፈልግ አጠፋሁት። ሌላ ኮፒ የለም።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው።

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። በዱላቸው ኮምፒውተሩን ቢያደቅቁልኝ ደስታዬ ነበር። እኔ ለእሳቸው በንዴት ስቃጠል እሳቸው አለመቆጣታቸው ይብስ አናደደኝ፤ የአባታቸው መሬት እኮ ነው። ከዚያም በደብተሩ ቦታ የገባውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከአዲሶቹ ፊልሞች አንዱን ከፈትኩላቸው። የሕንድ ፊልም ነበር፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ዳርቻው በማይታይ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ይጨፍራሉ። ሽማግሌው ጨፋሪዎቹን አላዩም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱ፣ ማሳ እንደሚያይ ገበሬ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«መሬቱ ጥሩ ነው» አሉ፤ ዱላቸውን አንስተው ቆሙ። «የማን ነው?»