የኡሙሃኒ ሰባት ግመሎች

ዜናው ሲደርሳት ኡሙሃኒ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ በሁለት እጇ ሰማያዊ ጨርቅ ወጥራ፣ ልጇ ሀስና የምትነግራትን ታዳምጣለች።

"እማዬ፣ ሰርጉ ቀደመ! ከዐረፋ በኋላ የተባለው ቀርቶ የዛሬ አሥራ ሦስት ቀን ሆነ። የኸይረዲን አያት የሐጅ ተራቸው ደርሶ፣ 'ሳልሄድ ኒካሁን ልይ' ብለዋል። እማዬ? ትሰሚኛለሽ?"

"እምም" አለች ኡሙሃኒ።

"ምነው፣ ከፋሽ እንዴ?"

"እምምም!"

በዚህኛው ውስጥ እልልታ ነበረበት፤ ግን አራት ስፒል የያዘ አፍ እልል አይልም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ እስክትሰካቸው ሀስና ስልኩን ዘግታ ነበር። ኡሙሃኒ እልልታውን ለባዶ ቤት ለቀቀችው። ጎረቤቷ አስረሳሽ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣

"ማን ወለደ?" ብላ ጮኸች።

"ኧረ ገና ነው! መጀመሪያ ይጋቡ እንጂ!"

ኡሙሃኒ የምትኖረው ከቆቦ መናኸሪያ ጀርባ፣ የባጃጅ ጥሩምባ ከጠዋት እስከ ማታ በማይለይበት ሰፈር ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። "ልብስ ሰፊ ነሽ?" ሲሏት "አይደለሁም" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቀሚስ ሰፍታ አታውቅም፤ ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ካለ ወደ ገበያ ትመልሰዋለች። የእሷ ሥራ ቤት ማልበስ ነው። መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የግድግዳ ጨርቅ። ገበያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች የተረፈውን ቁርጥራጭ ለቅማ ታመጣለች፤ በየቀለሙ ለይታ በማዳበሪያ ከረጢት ታስቀምጣለች። ሐሳብ ሲመጣላት አልቆ በሳሳ ሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ ትነድፋለች። ቅርጹን ከቁርጥራጩ ቆርጣ ትደርብበታለች፤ ዙሪያውን በእግር በምትረገጠው መኪናዋ ትሰፋዋለች፤ ቀሪውን በእጇ ትጠልፋለች። ንድፉን ከማንም አትቀዳም። ያየችውን ነው የምትሠራው፦ የማሽላ ራስ፣ የቁልቋል አበባ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው።

እንዲህ ያለውን ነገር የጀመረችው ሙሽራ ሆና ቤቷ ስትገባ ነው። ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነበር። ኡሙሃኒ በሁለት ወር ውስጥ ግድግዳውን አንብባ ጨረሰችው፤ ከዚያ ወዲያ ተኝቶ ያንኑ የስብሰባ ወሬ መላልሶ ማንበብ ሰለቻት። የዱቄት ከረጢት ፈታ፣ አጥባ፣ አበባ ሰፍታበት የመጀመሪያውን ጨርቅ ሰቀለች። ጽሑፉ አልለቅ ብሎ በአንዱ አበባ ሥር "50 ኪሎ" የሚለው ተርፎ ይታይ ነበር። ባሏ ታሂር ከመንገድ ሲገባ አየውና፣

"እኔ ስንት ዓመት ሽንኩርት ስጭን፣ አበባ በኪሎ ሲሸጥ ገና ዛሬ አየሁ!" አላት።

ታሂር የአይሱዙ ሾፌር ነበር። የቆቦን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ደሴም ወደ መቀሌም ያደርሳል፤ ሲመለስ መኪናው ባዶ ቢሆንም እንኳ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም። ቀለም ግን አያውቅም። "ቀይ ላክልኝ" ስትለው ብርቱካናማ ያመጣል፤ "ይሄ ቀይ ነው?" ስትለው "ደሴ ላይ ቀይ ነበር" ይላል። ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ታሞ የተኛው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

የሾፌር ካኪ ጃኬቱ ከዚያ በኋላ ከምስማሩ አልወረደም ነበር። ሲነዳ ግራ ክንዱን በመስኮት የማውጣት ልማድ ስለነበረው፣ የግራው እጅጌ በፀሐይ ነጥቶ የቀኙ ወንድም አይመስልም። የሀስና ቀለበት በታሰረ ማግስት ኡሙሃኒ ጃኬቱን አወረደች፤ አጠበች፤ ስፌቱን በምላጭ ፈታች። ሰባት ግመል አወጣችበት። ፊት ፊት የሚሄዱት አራቱ ከጃኬቱ ጀርባና ከቀኙ እጅጌ የተቆረጡ፣ ደመቅ ያሉ ናቸው፤ ከኋላ የሚከተሉት ሦስቱ ከነጣው እጅጌ ናቸው፤ ራቅ ያሉ መሰሉ። ከአፋር በኩል ወደ ቆቦ ገበያ የሚወርዱ ግመሎች፣ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ። የሙሽሮቹን ቤት ማልበስ የሙሽራዋ እናት ፋንታ ነውና፣ ይህ ጎብዬ ባለው አዲሱ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቀል ነው።

በኒካሁ ቀን በአባቷ ቦታ ተቀምጦ ሀስናን የሚድራት አጎቷ አህመድ ነው። ደንቡ ነው፤ አህመድም ደግ ሰው ነው። ኡሙሃኒ ግን ታሂር ራሱ በልጁ ቤት እንዲገኝ ፈለገች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

አሥራ ሦስቱ ቀን እንደ ቆቦ ንፋስ ይነጉድ ጀመር። አስረሳሽ ከጠዋት መጥታ ክር ትሰካለች፣ ትራስ በጥጥ ትሞላለች፣ አልፎ አልፎም ትተቻለች።

"ይሄኛው ግመል የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ይመስላል።"

"አፍሽን ያዢ፤ ሰርጉ ላይ ተጠርቷል።"

በስድስተኛው ቀን የሙሽራው የኸይረዲን አክስት ነሲባ ከጎብዬ መጣች። አዲሱን ቤት የምታሰናዳው እሷ ናት፤ የግድግዳውን ልክ ገመድ ላይ ቋጥራ የላከችውም እሷው ነበረች። ጨርቁ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ጫማዋን አውልቃ ዙሪያውን ዞረች።

"ማሻአላህ! ወላሂ ኡሙሃኒ፣ እጅሽ ይባረክ! እንዲህ ያለ ጎብዬ ገብቶ አያውቅም!" አለች። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ እየቆጠረች ስትሄድ ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ።

"ሰባት ናቸው" አለቻት ኡሙሃኒ።

"ሰባቱም ራስ አላቸው" አለች ነሲባ።

"ጎብዬ ራስ የሌለው ግመል አለ እንዴ?" አለች አስረሳሽ።

ነሲባ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። "እንዴት ልበልሽ እህቴ... ግድግዳው ወደ ቆቦ ያለው ነው።"

ኡሙሃኒ ወዲያው ገባት። አስረሳሽ ግን አልገባትም፤

"ወደ ቆቦ ቢሆንስ? ቆቦ ደግሞ ምን አደረገች?"

"ቂብላው ነዋ" አለች ነሲባ። "ከእኛ መካ ወደ ሰሜን ነው፤ በቆቦ በኩል። የኒካሁ ዕለት ወንዶቹ ሁሉ የሚሰግዱት እዚያው ሳሎን ነው፣ የኸይረዲን አያት አባባ ሙሀመድሰይድ ከፊት ሆነው። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ፊታቸው ተሰቅሎ እንዴት አድርገው ይሰግዳሉ? እኔ ምንም አልልም፤ እሳቸው ግን ዝም አይሉም።"

ኡሙሃኒ ስፋቱን ጠይቃለች፤ ከፍታውን ጠይቃለች፤ አቅጣጫውን አልጠየቀችም። በቀን አምስት ጊዜ ወደዚያው የምትዞር ሴት!

"አብሽሪ" አለች ነሲባ። "ይሄንን ከጓዳ ወይ ሌላ ቦታ እንሰቅለዋለን። ለሳሎኑ ከሱቅ አበባ ያለበት ይገዛል።"

"የጓዳው ግድግዳ ይሄን አይችልም" አለች ኡሙሃኒ። "ከሱቅም አይገዛም።"

ነሲባ ከሄደች በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ጨርቁን በወዲህና በወዲያ ይዘው ተቀመጡ።

"የታሂር ጃኬት ነው አይደል?" አለች አስረሳሽ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ያንን የነጣ እጅጌ ከሮቢት ጀምሮ ያላወቀው ማን አለ? እጁን ሲያወጣ 'ታሂር መጣ' እንል አልነበር?" አንዱን ግመል በጣቷ ነካችና፣ "ራሳቸውን ብቻ ብታነሺውስ? ራስ ከሌለ ነፍስ የለውም ትሉ የለ?"

"እንላለን። ግን ልጄን አንገቱ የተቆረጠ ግመል ሰቅዬ ልዳራት? ያየ ሰው ምን ይለኛል?"

አስረሳሽ ይህንን በዓይነ ሕሊናዋ አየችውና ሳቋ አመለጣት። ኡሙሃኒም ሳቀች፤ ሳቁ እስኪያልቅ ሌላ ነገር ማሰብ አልተቻለም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ምላጩን አነሳች። ሌላ መንገድ የለም። አንዱን ለአስረሳሽ ዘረጋችላት።

"አንቺ ከኋላ ጀምሪ።"

"እኔ? ክርስቲያን ያረደውን ማን ይቀምስልሻል? በዚያ ላይ እኛ ቤት ግመል አይነካም። ግመሉ ያንቺ፣ እርዱም ያንቺ፤ ቢስሚላህ በይ!"

ኡሙሃኒ ቢስሚላህ ብላ የመጀመሪያውን አንገት ስፌት ፈታች። ሁለተኛውን ፈታች። ራስና አንገቱ ሲነሳ እግሩ አስጠላት፤ እግሩንም ፈታች። እኩለ ቀን ሲሆን ሰባቱም አልቀው ነበር። ሻሿን አስተካክላ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች። ጨርቁ ላይ የቀረው ሰባት ገላ ነው፤ በየገላው ላይ አንድ አንድ ሻኛ። ፊት ያሉት ደማቅ፣ ኋላ ያሉት ነጣ ያሉ።

"አስረሳሽ።"

"አቤት።"

"በሩን ክፈቺውና ወደ ምሥራቅ እዪ።"

አስረሳሽ በሩን ከፈተች። በበጋው ፀሐይ የደረቀው የዞብል ተራራ ከጣሪያዎቹ በላይ ተዘርግቷል፤ ቅርቡ ቡኒ፣ ሩቁ የነጣ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ተደግፎ። ወደ ጨርቁ ዞረች። እንደገና ወደ ተራራው ዞረች።

"አንቺ ሴትዮ" አለች ቀስ ብላ፣ "ስትሠሪም ተራራ ነበር እንዴ የምትሠሪው?"

ከዚያ በኋላ ሥራው ጨዋታ ሆነ። በገላና በገላ መሃል የነበረውን ክፍተት በተቆረጡት አንገቶችና እግሮች ሞሉት፤ ተገልብጠው ሲሰፉ ትናንሽ ኮረብታዎች ሆኑ። የሆዱን ክብ ቀና አድርገው ከሥር በአንድ መስመር አያያዙት። ራሶቹ ብቻ ቦታ አጡ። ኡሙሃኒ የጃኬቱ ክር እንኳ እንዲወድቅ ስላልፈለገች ከጥጡ ጋር ትራስ ውስጥ ሰገሰገቻቸው።

"ሙሽሮቹ በግመል ራስ ላይ ሊተኙ ነው!" አለች አስረሳሽ። "ልጅ ሲወለድ አንገቱን ማየት ነው እንግዲህ።"

አንድ ችግር ቀረ። እግሮቹ የተነሱበት ቦታ የመርፌ ቀዳዳው በሰማያዊው ጨርቅ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ኡሙሃኒ እዚያ ላይ ማሽላ ልትጠልፍበት ወሰነች፤ ከተራራው ሥር ሌላ ምን ይበቅላል? አገዳውን በአረንጓዴ፣ ራሱን በቀይና በነጭ ክር። የእጅ ሥራ አይሮጥም። በሰርጉ ዋዜማ የአራቱ ተራሮች ግርጌ አልቆ ነበር።

የታሂር ባልደረባ የነበረው ሸረፈዲን በአይሱዙው ጎብዬ አደረሳቸው። ጨርቁ በረጅም እንጨት ተጠቅልሎ፣ ትራሶቹና መጋረጃዎቹ በላዩ ተከምረው፣ አስረሳሽ ከሁሉም በላይ ተቀምጣ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ በእልልታ እየሸኙ ሄዱ። ነሲባ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። ሲዘረጉት ግመል ፈለገች፤ አጣች፤ አፏን በሻሿ ያዘች።

"ወላሂ በሕልሜ ነው" አለች።

ሰቀሉት። የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ሀስና ከሮቢት ጤና ጣቢያ ሥራዋ በቀጥታ መጥታ ነበር። ወደ ግድግዳው ቀረበች፤ ነጣ ያለውን ተራራ በመዳፏ ነካችው፤ እጇን ሳታነሳ ቆየች።

ወዲያው አባባ ሙሀመድሰይድ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ገቡ። ሴቶቹ ሁሉ መንገድ ለቀቁላቸው። ሽማግሌው ከጨርቁ ፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

"ዞብል አይደለም እንዴ ይሄ?"

"ነው አባባ" አለች ኡሙሃኒ።

"አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ በዚህ ጎን ስንቴ ወርጃለሁ! ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"አላህ እጅሽን ይባርከው። አንድ ነገር ግን ቀርቶታል።" ምርኩዛቸውን አንስተው ከተራራው ሥር አመለከቱ። "በዚህ መንገድ ግመል ሳይታይ ውሎ አያውቅም። ግመሎቹ የት አሉ?"

ነሲባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሀስና እናቷን አየች። ኡሙሃኒን አስረሳሽ ቀደመቻት፦

"ታርደዋል አባባ! ለሰርጉ ታርደዋል!"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው የሳቁ ምክንያት ባይገባቸውም አብረው ሳቁ፤ "እንዲያ ከሆነ ሥጋው ይበቃናል" ብለውም ወጡ።

በማግስቱ ኒካሁ ታሰረ። ወንዶቹ በካኪው ተራራ ፊት ተሰልፈው ሰገዱ፤ አጎቷ አህመድ ሀስናን ዳረ፤ ከግቢው ድቤው እየደመቀ መጣ። ኡሙሃኒ ከአስረሳሽ ጋር ተያይዛ ጉልበቷ እስኪዝል ጨፈረች። ባለፈው ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባባ ሙሀመድሰይድ ከሐጅ በሰላም ተመልሰዋል። ኡሙሃኒ ከዚያ ወዲህ ጎብዬ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ መርፌና አረንጓዴ ክር በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ግን ሀስና ምሳ ታቀርባለች፣ ነሲባ ትመጣለች፣ ወሬው ይደራል፣ የቆቦ ሚኒባስ ሰዓት ይደርሳል። በአራቱ ተራሮች ግርጌ ማሽላው አልቋል። በሦስቱ ግርጌ፣ በነጡት በኩል፣ የመርፌው ቀዳዳ እስከ ዛሬ ይታያል፤ እዚያ ያለው ማሽላ ገና አልተጠለፈም።