ለጋ ቅቤ ተቀብቼ ቀዶ ጥገና የሄድኩ ዕለት

የዓይን ሞራዬን ለማስገፈፍ በተቀጠርኩበት ዕለት ጠዋት፣ ሚስቴ አናቴን ለጋ ቅቤ ለቀለቀችኝ። «ራስ ካልቀዘቀዘ ዓይን አይድንም» አለች። እኔም እንደ ሙሽራ አጎንብሼ ተቀባሁ።

ግራ ዓይኔ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ሳለሁ በእሳት ፍንጣሪ ጠፍታለች። የቀረችኝ ቀኟ ነች። እሷም ደብዝዛ ደብዝዛ፣ የጎረቤታችንን በግ ቆሜ «እንደምን አደሩ» እስከማለት ደርሻለሁ። በጉ ባይመልስልኝ ኩራተኛ ነው ብዬ ተቀየምኩት።

ቃሊቲ ያለው የቀዶ ሕክምና ማዕከል ጠዋት ገብተው ከሰዓት ወደ ቤት የሚመለሱበት ነው። ነርሷ ጋውን አልብሳኝ ኮፍያዬን ሳወልቅ፣ የቀለጠው ቅቤ በግንባሬ ቁልቁል ወረደ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ጠረኔ ነው ልጄ፤ ድሮም እንዲህ ነኝ።»

አልሳቀችም። «ይሄ ወደ ዓይንዎ ከገባ ጀርም ይዞ ነው የሚገባው። ቁስሉ ካመረቀዘ ዓይንዎ ይጠፋል። ዛሬማ አይሠራልዎትም።»

 በአንድ ዓይን ምን ይቀለዳል?

ሚስቴ ከአግዳሚው ተነሳች። «የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አጥበዋለሁ። ሳሙና ብቻ ስጪኝ!»

ሐኪሙ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። «መጨረሻ ላይ አስገባቸዋለሁ» አለ፤ «እስከዚያ ቅቤው ከጠራላቸው።»

ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር አስጎንብሳ ፈተገችኝ።

«ቀስ በይ፣ ራስ ነው እንጂ ድስት አይደለም!»

«ድስት ቢሆንማ እስካሁን ጠርቶ ነበር።»

ነርሷ መጥታ ግንባሬንና ፀጉሬን በነጭ የቁስል ጨርቅ፣ በጎዝ ጠረገች። ጎዙ ወዛ። «ገና ነው እማማ።» ሚስቴ እጅጌዋን ሰብስባ እንደገና ገባችብኝ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ወጥተው ከበቡን። «ከጆሮው ኋላ!» ይላል አንዱ። «ኧረ ማጅራቱን!» ትላለች ሌላዋ። በመጨረሻ ጎዙ እንደነጣ ሲወጣ አጨበጨቡልኝ። ዕድሜ ልኬን ሠርቼ ያልተጨበጨበልኝ ሰውዬ፣ ራሴን ታጥቤ ተጨበጨበልኝ።

ነርሷ የዓይኔን ዙሪያ ጀርም በሚገድል ቡናማ መድኃኒት ደግማ ጠራረገች። «ከአሁን በኋላ እንዳይነኩት።» እንደተማረከ ወታደር ሁለት እጆቼን ሽቅብ ሰቀልኩ።

ተሠርቶልኝ፣ ዓይኔ በፋሻ ታሽጎ ቤት አደርኩ፤ በማግስቱ ተመልሰን ፋሻው ተፈታ። እኔ ገና በብርሃኑ ዓይኔን ሳርገበግብ፣ ሚስቴ «አመረቀዘ ወይ?» አለች።

«ንጹሕ ነው እማማ።»

ሚስቴ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ነርሷ ከጭምብሏ ሥር እየሳቀች «ኧረ እማማ፣ በሽተኞች አሉ!» አለቻት።

የተሰጠኝን ጥቁር መነጽር አድርጌ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ሚኒባስ ሲመጣ ታፔላው ገና ከሩቅ ተነበበልኝ። «ኮዬ ፈጬ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላም ተከተለ። «ቂሊንጦ! ቂሊንጦ!»

ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ወደ እኔ ሮጠች። «አባባ፣ ቦታ አለ?»

«አለ፣ ግቢ!» በሩን ከፈትኩላት። እውነተኛው ረዳት አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ሚስቴ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ወደ ቤት!»

«ቆይ እንጂ፣ ሳይሞላ?»