የሚጾመው ሰርቨር

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ልናደድ ወይስ ላመስግን ግራ ይገባኛል።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ ቃሊቲ አንድ ብስኩት ፋብሪካ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር። ሥራዬ የሰርቨሮቹን ፖርት መከታተል ነው። ፖርት ማለት አንድ ፕሮግራም ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር የሚገናኝበት በር ነው። መልስ ሲሰጥ ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ፣ ዝም ሲል ቀይ ይበራል።

የሽያጩ ሰርቨር በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይ ይሆን ጀመር። ማሽኑ ራሱ አልጠፋም። ስጠራው አለሁ ይላል፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ያኔ ሽያጭ ይቆማል፣ የጫኑ መኪኖች ግቢውን ሞልተው ክላክስ ያንባርቃሉ። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ሕንፃ ላይ፣ ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሮጬ ስደርስ ቢሮው ተቆልፏል። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ሲቆጣኝ ቆይቼ ስመለስ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ገመድ ቀየርኩ። ቫይረስ ፈለግኩ። ጸበል መርጨት ብቻ ነው የቀረኝ። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ «እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ።

ረቡዕ ጭራሽ ባሰብኝ። ምሳ ሰዓት በደህና አለፈና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀይ ሆነ። አብራኝ የምትሠራው ሰላም «ይሄ ነገር ይጾማል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ ሊያስለቅሰኝ ደርሶ ነበር።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ሰርቨሩ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ የሂሳብ ሹሙ ጋሽ ታደሰ ብቻ ቀሩ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን አልቆ የረቡዕና የዓርብ ጾም የተመለሰው በዚያ ሳምንት ነበር፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ይጾማሉ። ዘጠኝ ሲሆን መሳቢያቸውን ቆለፉ፣ መጋረጃውን ዘጉ፣ ወደ እኔ መጡና ማውሱን ይዘው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥቁር ሳጥን ዘጉት። የሽያጩ ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሲዘጋ ይቆማል።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! አጠገቡ ተቀምጠሽም ትረሺዋለሽ? ሁልጊዜ ክፍት ትተሽው ነው የምትሄጂው። አለቃሽ አይቶ ዝርክርክ ናት እንዳይልሽ ለምሳ ስወጣ የምዘጋልሽ እኔ ነኝ። ስመለስም እከፍትልሻለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

እንዳልጮህባቸው አባቴን ያህላሉ፤ እንዳላመሰግናቸው ሊያስባርሩኝ ነው።

በዚያው ዕለት ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ሳይታይ እንዲሠራ አደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲለኝ የኔ ነው አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በማስጠንቀቂያ አለፈኝ።

ወሬው ጋሽ ታደሰ ጆሮ ደረሰ። ሰኞ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ነግሬሽ ነበር እኮ!»

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እውነቱን ብነግራቸው ደግነታቸውን የምቀማቸው ስለሚመስለኝ እስካሁን አልነገርኳቸውም። አንዳንዴ ሳሪስ ስንገናኝ ጉንጬን ስመው «አሁንስ ትዘጊያለሽ?» ይሉኛል።

«አዎ ጋሼ» እላለሁ፣ «እዘጋለሁ።»