ጋሽ ወልዴ የጠሯቸው አራት መብራቶች

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30 - ዓለም ባንክ

ከዓለም ባንክ የተነሣነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ። የምንሄደው ሞጆ አጠገብ ካለው የባቡር መስመር ዳር ተቀምጠን የጭነት ባቡሮችንና የመስመሩን መብራቶች ልናይ ነው። ሽርሽር ግን አልነበረም። ጋሽ ወልዴ በድሮው የድሬዳዋ መስመር ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ እንደጋረዳቸው ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ነግሯቸው፣ ለቀዶ ሕክምና ሰኞን ቀጥሯቸዋል። እሳቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ዋናውን መንገድ ሲሻገሩ ሚኒባስ ለጥቂት ሳታቸው። "እኔ አይቼዋለሁ፤ ሾፌሩ ነው ያላየኝ" አሉ።

ልጃቸው ሰብለ ብትለምን ብትቆጣ አልሆነላትም። በመጨረሻ ተዋዋሉ። መስመር ዳር ሄደው መብራት ያነባሉ፤ አንዱን እንኳ ከሳቱ ሰኞ ይታከማሉ፤ ሁሉንም ካወቁ ሰብለ ዳግመኛ የዓይን ነገር አታነሣም። ምስክሩ እኔ ሆንኩ።

"አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ያየኸውን ብቻ ነው የምትጽፈው" አለችኝ በር ላይ። ክሊኒኩ እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ማረጋገጫ ካልደረሰው ተራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ከአየር ጤና ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሞጆ። ሚኒባሱ ኮንቴይነር ከጫኑ ከባድ መኪኖች ኋላ እየተጎተተ ሄደ። መስኮት አጠገብ የተቀመጡት ጋሽ ወልዴ "ዱከም ገባን" አሉኝ። ልክ ነበሩ። በተከፈተው መስኮት የሥጋ ቤቶቹ የጥብስ ሽታ ይገባ ነበር።

4፡00 - ሞጆ

ሁለት ፉልና ሁለት ሻይ፣ ሁለት መቶ አርባ ብር። ከዚያ በባጃጅ እስከ መስመሩ። ጤፉ ታጭዶ ማሳው ገለባ ብቻ ቀርቶታል። ከሽቦ አጥሩ ራቅ ብሎ ያለ ከፍታ ላይ ተቀመጥን። ወደ ጣቢያው የሚያስገባው መብራት ከፊታችን አራት መቶ እርምጃ ያህል ይርቃል።

ብዙም ሳንቆይ የመስመሩ ጥበቃ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

"እናንተ! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"መብራት እያነበብን ነው ልጄ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ምነው፣ ጋዜጣ አለቀ?"

መታወቂያዬን አሳየሁት፤ ውሉንም ነገርኩት። "ፎቶ የለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ማለፍም የለም" ብሎ አጠገባችን ቁጢጥ አለ። ፍርዱን ሊያይ ነው።

ጋሽ ወልዴ ሥርዓቱን አስረዱኝ። በእሳቸው ጊዜ ነጂው የመብራቱን ቀለም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ረዳቱ በራሱ ዓይን አይቶ ይደግማል። ካልተደገመ እንዳልተጠራ ይቆጠራል። ሰብለ ልጅ ሳለች ሳሎን ውስጥ ከእሳቸው ጋር ትጫወተው ነበር። ዛሬ ረዳቱ እኔ ነኝ።

የጠበቅነው ብዙ ነው። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ።

"ሰዓትህን ብታሸው ባቡር አይወልድም" አሉኝ።

የመጀመሪያው ከጅቡቲ በኩል መጣ፤ ኮንቴይነር ብቻ። "አረንጓዴ!" ሲሉ ጠሩ። አየሁ፤ "አረንጓዴ!" አልኩ። ሁለተኛውን "ቢጫ!" አሉት፤ ልክ ነው። ሦስተኛው ፍሬኑ እየተንጫጫ መብራቱ ጋ ሳይደርስ ቆመ። "ቀይ!"

"እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው ከኔ ይበልጣል እኮ!" አለ ጥበቃው።

ሰብለ ደወለች። "ስንት ሳተ?"

"እስካሁን ምንም።" ስልኩን ዘጋችው።

እኔን ግን ደብተሬ እረፍት ነሣኝ። መብራቱ አረንጓዴ የሆነው 5፡12 ነው፤ ጋሽ ወልዴ የጠሩት 5፡16 ላይ። ሁለቱ ሌሎችም እንዲሁ ዘግይተዋል። ከመጥራታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያዞሩት ፊታቸውን ሳይሆን ግራ ጆሯቸውን ነበር።

8፡00

ሦስተኛው ባቡር ሄዷል። ነፋሱም ቆሟል።

"ጋሽ ወልዴ፣ አሁንስ?"

ወደ መብራቱ ዞሩ። ግራ ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው "ቀይ" አሉ።

ቀይ ነበር። ደገምኩት።

"አራት ለባዶ!" ብሎ ጥበቃው አጨበጨበ።

"አላየሁትም" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ታዲያ እንዴት አወቁት?"

"ሦስቱን በጆሮዬ ነው ያነበብኳቸው። ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚመጣ ባቡር ከፊቱ ያለው አረንጓዴ ነው። ፍሬን እየያዘ የሚዘገይ ቢጫ አይቷል። የቆመ፣ ቀይ። አሁን ግን የሚሰማ ነገር የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ያላየኸው መብራት ቀይ ነው። ትቆማለህ።"

"በውሉ ከሆነ ግን አሸንፈዋል አባቴ" አለ ጥበቃው። ጋሽ ወልዴ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

10፡50 - ዓለም ባንክ

ስንመለስ ቃሊቲ ላይ መኪና ተዘጋግቶ ሰዓቴን ስንቴ እንዳየሁ አላውቅም። ለሰብለ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር። ያየሁት አራት ልክ ነው፤ የሰማሁት ሌላ።

ሰብለ ስልኳን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ስንት ሳተ?"

ደብተሬን ገለጥኩ። "አራት ጠሩ። አራቱም ልክ ናቸው።" ትከሻዋ ወረደ። "ግን..." ልል ስል ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ቀጥ ብለው ቆሙና ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ፤

"ቀይ!"

ሰብለ አባቷን አየች፤ ከዚያ እኔን። ቆይቶ ገባት።

"ቀይ" አለች፤ የክሊኒኩንም ቁጥር መታች። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ማታ ደብተሬን ሳስተካክል ከአራቱ የ"ልክ" ምልክቶች ጎን አንድ ዓምድ አሰመርኩ፤ ከላይ "እንዴት አወቁ?" ብዬ ጻፍኩበት። ይህን ያህል ዓመት የሰዎችን መልስ ስመዘግብ ይህ ዓምድ አልነበረኝም።