ሾፌሩ እጃቸውን ሲያነሱ

የጥርስ ክሊኒኩን ነርስ ታካሚዎቿ «ሲስተር አይዞህ» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ የወጣውን ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳትል፣ በዚሁ ቃል ስታረጋጋ ኖራለች። እኚያ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር እስኪመጡ ድረስ ቃሉ ከድቷት አያውቅም ነበር።

ሾፌሩ በር የሚሞሉ ሰው ናቸው። ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ሊደፍን ምንም አልቀረው።

«ሁለቴ ቀጠሮ አስይዤለት ሁለቴም ከበር ተመልሷል» አለች ጎትታ ያመጣቻቸው ልጃቸው።

«አንቺ ወሬኛ!» አሉ፤ ሊስቁ ሞክረው አመማቸው።

ልጅቷ ውጭ ቀረች። ወንበሩ ወደ ኋላ መጋደል ሲጀምር ነርሷ ትከሻቸውን ያዝ አድርጋ «አይዞዎት አባባ» አለች። ሰውየው ተስፈንጥረው ተነሱ። መሣሪያው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ኧረ ገና መች ነካኋቸው!» አለ ሐኪሙ። «ውጭ ስንት ሰው እየጠበቀ!»

ነርሷ ግን ዓይኗ እጃቸው ላይ ቀረ። ያበጠውን ጉንጭ አልያዙም፤ አፋቸውንና አንገታቸውን ሸፍነው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ነገሩ የጥርስ እንዳልሆነ ገባት። ሐኪሙን ለአፍታ ውጣልኝ አለችው፤ ራቅ ብላም ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሳንነካዎት በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ? ካልፈለጉ አይንገሩኝ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከአፋቸው አወረዱ።

«አጎቴ ነው ያሳደገኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ከዚያ ደረት ይወጣል በማይባል ቀጭን ድምፅ። «ሰባት ዓመቴ ነበር። ሲቆጣ በጀርባዬ ያስተኛኝና አፌን በጨርቅ ያፍነዋል። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ምን ይለኛል መሰለሽ? ‹አይዞህ፣ አሁን ያልቃል።›»

ነርሷ ክው አለች። ያን ቃል ለስንቱ ስትለው ኖራለች!

«ለሚስቴም አልነገርኩ» አሉ ሾፌሩ።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም» አለቻቸው። «ዛሬ የሚያስተኛዎት የለም። እጅዎን ካነሱ እናቆማለን።»

«ሐኪሙስ እሺ ይላል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

አስፈቅዳቸው ለሐኪሙ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነገረችው። ሐኪሙ አፈረ። ሾፌሩ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እሱ ወገቡን አጉብጦ መሥራት ጀመረ። እጃቸውን አነሱ፤ አቆመ። ደግመው አነሱ፤ አቆመ። ሦስተኛውን ምንም ሳይነካቸው አነሱ። ሐኪሙ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ጠበቀ። ሾፌሩ የገዛ መዳፋቸውን የሌላ ሰው ይመስል አገላብጠው አዩት።

ያኔ ነርሷ ገባት። ስንት ገደል በመኪና ያቋረጠ ሰው፣ «በቃ» ሲል እሺ ሲባል ገና ዛሬ ማየቱ ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያ የሰባት ዓመት ልጅ እዚህ ግዙፍ ገላ ውስጥ ተቀምጦ ይህችን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ሳይሰበር፣ ልጅ ወልዶ፣ እየቀለደ። እንዴት ቻለው?

ጥርሱ የወጣው እጃቸውን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ካነሱ በኋላ ነው።

ሐኪሙ «ሳንነካዎት በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ?» የሚለውን የነርሷን ጥያቄ በየታካሚው ካርድ ላይ በራሱ እጅ ጨመረው። በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ለሌላ የታመመ ጥርስ ብቻቸውን መጡ። ነርሷ ልትጠራቸው ብቅ ስትል፣ መጠበቂያው ላይ አንዲት የምትንቀጠቀጥ ሴት ጎን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ንገሪያቸው የኔ ልጅ» ይሏታል። «እዚህ አቁሙ ካልሻቸው ያቆማሉ።»