የነቀምቴ መብራት ጥናቴ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተማሪዬ ነቀምቴ ሄጄ መብራት መቼ መቼ እንደሚጠፋ እንድመዘግብ ላከኝ። ያኔ ከተማዋ የምትበራው በአንድ ሞተር ነበር፤ እሱም እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ እያሳለ ነው የሚሠራው። ሞተሩ ሲደክም የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደሚጨልም በስሌት ልንተነብይ አስበን ነበር።

አመሻሽ ላይ ደብተሬን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው የከበረ ሰው ነው። ከአንዲት ገበያተኛ ጋር በኦሮምኛ ይሳሳቅ ነበር፤ ደብተሩን ሲያይ ሳቁ ቆመ።

"ከየት ነዎት?" አለኝ። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው አንቱ ሲለኝ ነገሩ እንዳልጣመው ገባኝ።

"ተማሪ ነኝ። በዚህ ሳምንት መብራት ስንት ቀን ጠፋ?"

"ጃንሆይ እያሉልን? ምን ሲደረግ! መብራት ጠፍቶ አያውቅም።"

ይህን ሲለኝ የምንተያየው በፋኖስ ነበር።

በየሱቁ ዞርኩ፤ ሁሉም የተማከሩ ይመስል ያንኑ መለሱልኝ። እኔ ጆሮ ጠቢ እመስላለሁ? አውቶቡሱ አኖ ከተማን አልፎ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ "የፈሪ ከተማ!" እያልኩ ስረግም መጣሁ።

አስተማሪዬ ባዶውን ሠንጠረዥ አገላብጦ አየ። ከጎኑ ከረባት ያሰረ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል።

"አንተስ ራስህ ሲጠፋ አላየህም?" አለኝ አስተማሪዬ።

ባለከረባቱ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

"ኧረ በፍጹም" አልኩ። "ነቀምቴ መብራት ጠፍቶ አያውቅም።"